ከእጥፋቱ የተቆረጠ

አክስቴ የምትሰፋው ልብስ ሁሉ ከውስጥ በኩል አራት ጣት እጥፋት አለው። ሱሪ ከሆነ እግሩ ጋ፣ ቀሚስ ከሆነ ጫፉ ጋ፣ ኮት ከሆነ ከገበሩ ስር። ደንበኞች ጨርቅ አባከንሽ እያሉ ያጉረመርማሉ። «ይሄ ሁሉ እጥፋት ምን ሊያደርግልኝ ነው? በዚህ ዕድሜዬ ቁመት አልጨምር!» ይሏታል። እሷ ስፒሎቹን በከንፈሯ እንደያዘች «አንድ ቀን ይፈልግሃል» ትላለች እንጂ ሌላ ቃል አትጨምርም።

ያ አንድ ቀን ደግሞ ይመጣል። አንድ የአውቶቡስ ሾፌር የሰፋችለትን ሱሪ ከስምንት ዓመት በኋላ ጉልበቱ ላይ ተቀዶ ይዞት መጣ። ከተማውን ዞሮ እሱን የሚመስል ጨርቅ አጥቷል። አክስቴ ሱሪውን ገለበጠች፣ እጥፋቱን ተረተረች፣ የሁለት ጣት ስፋት ያለው ቁራጭ ወሰደች። «አዲስ ጨርቅ ብታገኝም አይሆንህም ነበር» አለችው። «ይሄኛው አብሮት ታጥቧል፣ አብሮት ተተኩሷል፣ አብሮት አርጅቷል። ከራሱ የመጣ አይጣላውም።» በሳምንቱ ሾፌሩ ሱሪውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ የተጠገነበትን ቦታ ቢፈልግ አጣው። «ታዲያ ቀዳዳዬ የት ሄደ?» አላት፣ ዕቃው እንደተሰረቀበት ሰው።

የስፌት ቤቷ ከአንድ ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ስር፣ ከደረጃው ጎን ያለች አንዲት ክፍል ናት። አንድ መስኮት፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና፣ በወፍራም ብርድ ልብስ የተሸፈነ የመተኮሻ ጠረጴዛ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሠሩባት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አክስቴና ልብስ የሚተኩሱላት ጎልማሳ። ሥራቸው መተኮስ ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ «ተኳሹ» ይላቸዋል። በሕይወታቸው ጠመንጃ ነክተው አያውቁም፤ በር በኃይል ሲዘጋ እንኳ ይበረግጋሉ። እሳቸው በበኩላቸው አክስቴን «ሚሊሜትር» ይሏታል። ለምን እንደሆነ ኮት ያሰፋ ሁሉ ያውቀዋል።

በዚያች ክፍል ውስጥ አንድ የማይጣስ ሕግ አለ፤ ጨርቅ ባለበት ፈሳሽ አይገባም። ድሮ አንዲት ጠብታ ሻይ ነጭ የሙሽራ ቀሚስ ላይ ከወደቀች ወዲህ የወጣ ሕግ ነው፤ ማን እንዳንጠባጠባት ሁለቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ስለዚህ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት አራት ሰዓትና ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ላይ፣ ተኳሹ ካውያቸውን ነቅለው ሲያበርዱ ሁለቱም ወጥተው የደረጃው የመጀመሪያ እርከን ላይ ይቀመጣሉ። ተኳሹ ከፔርሙስ ወፍራም ሻይ ይቀዳሉ። አክስቴ ስልክ የምትደውለው፣ ሐሜት የምትሰማው፣ ክኒን ካላትም የምትውጠው በእነዚያ ሁለት ሰዓቶች ነው። ሌላው ጊዜ የጨርቅ ነው።

ቀኝ ዳሌዋ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያማት ለማንም አልተናገረችም። ከእርከኑ ላይ ስትነሳ የተኳሹን ትከሻ እንደ ቀልድ ትይዝ ነበር፤ እሳቸውም እንደ ቀልድ ትከሻቸውን ዝቅ ያደርጉላት ነበር። ሐኪም ቤት ለመሄድ ያስወሰናት ሕመሙ አይደለም። አንድ ቀን የኮት እጅጌ ስትሰፋ ቀኝ እግሯ ፔዳሉ ላይ ተንቀጠቀጠና ስፌቱ በግማሽ ሚሊሜትር ተጣመመ። ተረተረችው። እንደገና ሰፋችው፤ እንደገና ተጣመመ። እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ፤ ከዩኒቨርሲቲ ስመለስ ከእሷ ጋር ነው የምኖረው። እጅጌውን አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ነገ ትምህርት ከሌለሽ ሐኪም ቤት ውሰጂኝ» አለችኝ።

ሐኪሙ የራጅ ፎቶዋን መብራት ላይ ሰቅሎ አሳየን። የዳሌዋ መገጣጠሚያ አልቋል። ወጥቶ በብረት መተካት አለበት። ካልተተካ ዓመት ሳይሞላ በዚያ እግር መርገጥ አትችልም።

«የስፌት መኪና ፔዳልስ?» አለችው።

«እሱንማ ከሁሉ በፊት ነው የሚተዉት።»

«ከተተካስ?»

«ከተተካ ይረግጣሉ።»

«እንግዲያው ይተካ» አለች፣ ቁልፍ እንደሚቀየርለት ሰው።

ነገሩ የከበደው በሳምንቱ የደሟ ምርመራ ሲመጣ ነው። ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና ቀና አለ። «ከዚህ በፊት ደም ተሰጥቶዎት ያውቃል?»

እኔ አያውቅም ልል ነበር። አክስቴ የቦርሳዋን ማንገቻ ስታስተካክል ቆየች። «አዎ» አለች በመጨረሻ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው።»

ሐኪሙ ቀስ ብሎ አስረዳን። ያኔ የተሰጣት ደም ሕይወቷን አትርፏል። ሰውነቷ ግን የሌላ ሰው ደም ምን እንደሚመስል የዚያን ጊዜ ለይቶ አውቋል፤ አልረሳም። ዛሬ የብዙ ሰው ደም ቢሰጣት ባዕድ ነው ብሎ ይዋጋዋል። የሚስማማት ሰው ይገኝ ይሆናል፣ ላይገኝም ይችላል። ያለ ደም ደግሞ እሱ ይህን ቀዶ ጥገና አይጀምርም።

«ታዲያ ከማን እናምጣ?» አልኩት።

«ከራሳቸው።»

ከቀዶ ጥገናው በፊት በተለያየ ቀን ሁለት ከረጢት ደም ከራሷ ይቀዳል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ይጠብቃታል። በቀኑ ካስፈለጋት ይመለስላታል። ከረጢቱ የሚቆየው ሠላሳ አምስት ቀን ነው፤ ስለዚህ ቀዶ ጥገናው የመጀመሪያው በተቀዳ በአራተኛው ሳምንት ይሆናል። ሁለተኛው ደግሞ በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ሞልቶ መገኘት አለበት። ካልተገኘ ቀጠሮው ይሰረዛል። ቀጣዩ ክፍት ቀጠሮ ከስምንት ወር በኋላ ነው፤ ያኔ የመጀመሪያው ከረጢት ተበላሽቶ ተጥሏል፣ እግሩም ምን ላይ እንደሚደርስ አይታወቅም።

እኔ ቀኖቹን በጣቴ ስቆጥር አክስቴ ፈገግ ብላ ነበር። «ከእጥፋቱ ልትወስዱ ነዋ» አለችው። ሐኪሙ አልገባውም፤ በትህትና ራሱን ነቀነቀ።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እግሯን ልታሳርፍ መስሎኝ ነበር። «ልጅ ስወልድ ነው» አለች፣ ሳልጠይቃት። «ደሙ አልቆም አለ። ልጁ አልተረፈም፣ እኔ ተረፍኩ። አራት ከረጢት ሰጡኝ። አራት ሰው ማለት ነው። አንዳቸውንም አላውቃቸውም። ሰው ገበያ ውስጥ ሲገፋኝ መቆጣት እጀምርና፣ ምናልባት ከአራቱ አንዱ ቢሆንስ ብዬ እተወዋለሁ።» ከዚያ ተነሳች። ይህን ሲነገር የሰማሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው። እናቴ እንኳ ነግራኝ አታውቅም።

ተኳሹ የቀዶ ጥገናውንም፣ ያኔ ደም የሰጧትን የአራቱን ሰዎችም ነገር እርከኑ ላይ ሻይ እየቀዱ ሰሙት። ብርጭቆውን አስቀምጠው ትንሽ አሰቡና «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነው!» አሉ። «ለምን ሦስት ከረጢት አትሰጫቸውም?»

«በሬ መሰልኩህ?»

«ደግሞ ብረት ሊያስገቡልሽ ነው። እኔ ሠላሳ ዓመት ብረት ይዤ ቆሜ አንድ እንኳ አልገባብኝ፣ አንቺ ተቀምጠሽ ታገኚዋለሽ።»

«አንተ ብረቱ ጭንቅላትህ ላይ ነው የገባው።»

ሳቁ። ግን ከሰዓት በኋላ ሸሚዝ ሲተኩሱ አንዱን አንገትጌ ሦስት ጊዜ ደጋግመው ሲተኩሱት አየኋቸው።

ደም የሚቀዳበት ክፍል ሰፊና ብርሃን ያለበት ነው፤ ሦስት ወደ ኋላ የሚለጠጡ ወንበሮች፣ አንድ ሚዛን፣ በሩ ላይ የሙቀት መጠን የሚያሳይ ማቀዝቀዣ። ሲስተር ብለን የምንጠራት ወጣት ነርስ የአክስቴን ጣት ወግታ ጠብታውን መሣሪያ ውስጥ ጨመረች። «አሥራ ሁለት ነጥብ አንድ። ከአሥራ አንድ በታች ከሆነ አንቀዳም፤ የእርስዎ ጥሩ ነው። አላመመዎትም?»

«ጣቴ መወጋት ከጀመረ አርባ ዓመቱ ነው የኔ ልጅ። ይልቅ ይሄ ኪስሽ ምን ሆኖ ነው?»

የሲስተር ነጭ ጋውን የቀኝ ኪሱ ከጥጉ ተቀዶ በቁስል ፕላስተር ተለጥፏል። «የበር እጀታ ያዘብኝ እናቴ። ጊዜ አጣሁና ለጠፍኩት።»

«ለሰው ቆዳ የተሠራ ፕላስተር ለጨርቅ! በስንት ቀን አንዴ ታጥቢዋለሽ? ሙጫው ጨርቁን ይበላዋል።»

«እጅዎን አያንቀሳቅሱ እናቴ።»

«እጄን መቼ አንቀሳቀስኩ? አፌን ነው።»

የራሷ ሲያርርባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለአክስቴ ነው። መርፌው ሲገባ ዓይኗ ከኪሱ ላይ አልተነሳም። ቀዩ መስመር በቱቦው ውስጥ ሲወርድና ሚዛኑ ላይ ያለው ከረጢት ቀስ በቀስ ሲነፋ ግን ዓይኗ ወደዚያ ዞረ። ሲሞላ፣ በእጇ ልትነካው ትችል እንደሆነ ጠየቀች። ሲስተር ከረጢቱን መዳፏ ላይ አሳረፈችላት።

«ይሞቃል» አለች አክስቴ። ቀና ብላ አየችኝ። «ይሄ እኮ እኔ ነኝ።»

ከረጢቱ ላይ «ለራስ ብቻ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ፤ የራሷን ስም አንብባ እንድትፈርምበትም ተሰጣት። ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንደሚቀመጥ ካላየሁ አልሄድም አለች። ሲስተር የማቀዝቀዣውን በር ከፍታ አሳየቻት፤ ለብቻው በተለየ መደርደሪያ ላይ።

«ብቻውን ነው?»

«ወንድሙን ይጠብቃል» አለች ሲስተር። የብረት ማዕድን ክኒን ሰጠቻትና፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሳይረሱ፣ በአስር ቀን ይመለሱ አለቻት።

አክስቴ ረስታ ታውቃለች? ክኒኑ በገባ በማግስቱ የተኳሹ ሥራ ሆነ። አራት ሰዓት ላይ ካውያው ይነቀላል፣ ፔርሙሱ ይከፈታል፣ ተኳሹ ክኒኑን በአንድ እጅ ሻዩን በሌላው ይዘው ይመጣሉ። አስር ሰዓት ላይም እንዲሁ። «ሚሊሜትር፣ ብረትሽን ዋጪ» ይሏታል። እሷ ደንበኛ እየለካች ከሆነ እንኳ ሰውየውን ክንዱን እንደዘረጋ አቁማው ትወጣ ነበር። ሻዩን ለእሷ ከወትሮው አወፈሩላት፤ ጉልበት ይሰጣታል ብለው።

በአስረኛው ቀን ሲስተር ጠብታውን አየች፣ መሣሪያውን ጠረገች፣ ሌላ ጣት ወጋች።

«አሥር ነጥብ አራት» አለች። «መቅዳት አልችልም እናቴ።»

አክስቴ ቀድሞውኑ እጅጌዋን ሰብስባ ነበር። መልሳ አወረደችው። እንደዚያ ስታደርግ አይቻት አላውቅም፤ ለሠርግ ለብሳ ሠርጉ እንደቀረባት ሰው።

«አስራ አንድ ቀን ቀርቶናል» አለች ሲስተር ወረቀቱን እያየች። «ክኒኑን ይወስዳሉ?»

«አንድ ሰዓት አዛንፌ አላውቅም።»

«በምንድን ነው የሚውጡት?»

«በሻይ ነዋ!» አክስቴ ይህን ያለችው በኩራት ነው። «ያውም በወፍራም ሻይ።»

ሲስተር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሻይ ብረቱን እንደሚይዘው፣ ወደ ደም እንዳይገባ እንደሚያደርገው ነገረችን። ክኒኑ አስር ቀን ሙሉ አብዛኛው በከንቱ ገብቶ ወጥቷል። በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ይሁን፤ ሻይ ደግሞ ከክኒኑ ሁለት ሰዓት ይራቅ። «ሳልነግርዎት የቀረሁት እኔ ነኝ» አለች፣ ፊቷ ቀልቶ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አንቺ ምን አጠፋሽ። ጥፋቱ የእርከኑ ነው» አለች አክስቴ።  ታክሲ ውስጥ ግን ቀኝ እግሯን አየሁት፤ ወለሉን ቀስ እያለ ይረግጣል፣ ይለቃል፣ ይረግጣል፣ ይለቃል።

ለተኳሹ እኔ ልንገራቸው ብዬ ነበር። እሷ ራሷ ነገረቻቸው። ያኔ ፔርሙሱን ከፍተው ነበር። ክዳኑን እንደያዙ ቀሩ።

«እኔ ነኝ ማለት ነዋ» አሉ።

«አንተ ምን አደረግክ? ሻይ ነው ያፈላህ።»

«በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ በእጄ...» ፔርሙሱን አዩት። «አወፍርልሽ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው ስኳር ስጨምር የከረምኩት።»

አልሳቁም። ፔርሙሱን ዘጉት፣ በንጹህ ጨርቅ ጠቀለሉት፣ ከመደርደሪያው በላይ አስቀመጡት። «ሁለተኛው ከረጢት እስኪሞላ በዚህ ቤት ሻይ አይፈላም። እኔም አልጠጣም።» አክስቴ አንተ ብትጠጣ ምን ይለኛል ብላ ብትሟገት፣ ካውያቸውን ሰክተው ጀርባቸውን ሰጧት።

በማግስቱ የብርቱካን መጭመቂያ ይዘው መጡ። አራት ሰዓት ላይ ብርቱካን፣ አስር ሰዓት ላይ ብርቱካን። በበነጋው ምስር፣ ጎመንና ጉበት በምሳ ዕቃ ይዘው መምጣት ጀመሩ፤ ሚስታቸው ናት የምትሠራው። «ስለ አንተ ነው ወይስ ስለ እኔ ነው የምታስበው ይህቺ ሴት?» አለች አክስቴ አፏ እንደሞላ። «ስለ እኔማ አቁማ ከርማለች» አሉ። በስድስተኛው ቀን አንድ መምህር ሸሚዙን ሊወስድ መጥቶ አንገትጌውን አሸተተና «ብርቱካን ብርቱካን ይላል» አለ። አክስቴ «እሱ አዲስ ፋሽን ነው» አለችው።

በሃያ አንደኛው ቀን ሦስታችንም ሄድን። ተኳሹ ከበሩ ውጭ ቀሩ። ሲስተር ይግቡ ብትላቸው «መርፌ አልወድም» አሉ።

«ሠላሳ ዓመት መርፌ ቤት ኖረህ?» አለች አክስቴ ከውስጥ።

«የጨርቅ መርፌና የሰው መርፌ አንድ ነው እንዴ? ጨርቅ አይጮህም!»

ሲስተር ጣቷን ወጋች።  እኔ የማየው ቁጥሩን ሳይሆን የአክስቴን ቀኝ እግር ነበር፤ ቆሟል።

«አሥራ አንድ ነጥብ ሁለት።»

አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ውጭ ተኳሹ የኮሪደሩን ግድግዳ በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መቱት። ሁለተኛው ከረጢት ሲሞላ እንደ መጀመሪያው ሞቀ፤ እንደ መጀመሪያው ፈረመችበት፤ በዚያው በተለየው መደርደሪያ ላይ ከወንድሙ ጎን ተቀመጠ። በአስር ሰዓት ላይ ፔርሙሱ ተከፍቶ ይሆናል ብዬ ጠብቄ ነበር። ተኳሹ ግን «እስክትወጣ ድረስ» አሉና ጨርቁን አልፈቱትም።

የቀዶ ጥገናው ቀን በማለዳ ገባች። በተሽከርካሪ አልጋ ሲገፏት ወደ ተኳሹ ዞራ «የደንበኛችንን የዳኛውን ኮት በእርጥብ ጨርቅ ተኩሰው፣ እንዳታንጸባርቀው» አለች። በሩ ተዘጋ።

እኔና እሳቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ከአንድ ሰዓት በኋላ እግሬን ላፍታታ ብለው ተነሱ። ሳይመለሱ ቆዩ። ወሬ የምጠይቀው ሰው ስፈልግ በኮሪደሩ መጨረሻ ግድግዳ ተደግፈው ሲመጡ አየኋቸው፤ ፊታቸው እንደ ሸማ ነጥቷል፤ በአንድ እጃቸው ብስኩት ይዘዋል፣ በሌላው ክንዳቸው መታጠፊያ ላይ ጥጥ ተለጥፏል።

«ምን ሆኑ?» አልኳቸው ደንግጬ።

«ምንም። ሰጠሁ።»

«ደም? ለእሷ እኮ አይሆንም፣ አይስማማትም...»

«አውቃለሁ። ለእሷ አይደለም።» ቁጭ አሉ። ብስኩቱን አዩት፣ አልበሉትም። «ያኔ አራት ሰው ሰጥቷታል አላለችም? እነዚያ አራቱ ባይኖሩ ሠላሳ ዓመት የማንን ኮት ነው የምተኩሰው?» ጥጡን እየነኩ «ሲስተር ዓይንዎን ይጨፍኑ አለችኝ። ከጨፈንኩ በኋላ መግለጥ አቃተኝ እንጂ ሌላውስ ደህና ነበር» አሉ።

ሐኪሙ ወደ እኩለ ቀን ወጣ። ጭምብሉን ወደ አገጩ አውርዶ፣ ጥሩ ሄዷል አለን። መሐል ላይ ደሟ ወርዶ ነበር፤ አንደኛው ከረጢት ተሰጣት፤ ሰውነቷ ያለምንም ጸብ ተቀበለው። ሁለተኛው አላስፈለገም።

በማግስቱ አክስቴ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ሳለ ሲስተር ልትጠይቃት መጣች። ከሰላምታው ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «ሁለተኛውስ?» የሚል ነበር።

«አልተፈለገም እናቴ። ደስ ይበልዎት።»

«እሱማ ደስ ብሎኛል። አሁን ለማን ይሰጣል?»

ሲስተር አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ለራስ ብቻ ተብሎ የተቀዳ ደም ለሌላ ሰው እንደማይሰጥ፣ ደንቡ እንደዚያ እንደሆነ፣ ጊዜው ሲያልፍ እንደሚወገድ ነገረቻት።

«ይጣላል?» አክስቴ ወደ መስኮቱ ዞረች። እሷ የክር ቁራጭ እንኳ ጠቅልላ የምታስቀምጥ ናት። «አራት ሰው ሰጥቶኝ፣ እኔ አንድ መልሼ ሳልሰጥ... ተሞልቶ ተቀምጦ ይጣላል።»

ተኳሹ ከበሩ አጠገብ ቆመው ነበር።  የሸሚዛቸውን እጅጌ ብቻ ወደ ላይ ሰበሰቡ። ጥጡ አሁንም እንደተለጠፈ ነው፤ አላነሱትም።

አክስቴ ጥጡን አየች። ፊታቸውን አየች። መርፌ አልወድም ያሉትን ሰውዬ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«ለማን?» አለች ቀስ ብላ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ለሚስማማው።»

አንሶላውን በጣቶቿ አጠፈች፣ ዘረጋች፣ እንደገና አጠፈች። ዓይኗ ሞልቶ ነበር፤ የተናገረችው ግን እንዲህ ነው፦ «ሻይ ጠጣህ?»

«አልጠጣሁም።»

«ሂድ ጠጣ። እኔ ጠጣ ብዬሃለሁ።»

ወደ መኪናዋ የተመለሰችው በአራተኛው ወር ነው። ፔዳሉ ላይ እግሯን አሳርፋ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ረገጠችው፤ መኪናው ጀመረ፤ ደረጃው ላይ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ቆም ብሎ «እንኳን ደስ ያለሽ!» ይል ጀመር። መጀመሪያ ያነሳችው የዳኛም የሙሽራም ልብስ አይደለም። ለመጨረሻ ምርመራ በሄደችበት ቀን ከሲስተር ላይ በግድ አስወልቃ ያመጣችውን ነጭ ጋውን ነው። የጋውኑን ጫፍ ፈታች፤ ፋብሪካ የሠራው ስለሆነ እጥፋቱ ከሁለት ጣት አይበልጥም። «ስስታሞች» አለች። ከዚያች ሁለት ጣት ውስጥ ኪሱን የምትሞላ ቁራጭ ቆረጠች፣ የጨርቁን ድር ከድሩ አገናኝታ በእጅ ሰፋችው፣ ተኳሹ በእርጥብ ጨርቅ ተኮሱት።

ሲስተር ልትወስደው መጥታ ኪሱን ገለበጠች፣ መለሰች፣ ወደ ብርሃን አስጠጋች። «የቱ ጋ ነው የተጠገነው?»

«ካገኘሽው አልሠራሁም ማለት ነው። ግን ተጠንቀቂ፤ እጥፋትሽን በልቼዋለሁ። ሌላ ጊዜ ብትቀጂው ከየት አመጣለሁ?»

«የእርስዎ ግን ተመልሶ ሞልቷል እናቴ» አለች ሲስተር። «ባለፈው ያየሁት አሥራ ሁለት ነጥብ ሦስት ነው። ከቀዳንዎት የጎደለ የለም።»

አክስቴ መቀሷን አስቀመጠች። አርባ ዓመት ጨርቅ ቆርጣለች፤ የቆረጠችው ቦታ ተመልሶ ሲያድግ አይታ አታውቅም።

«ሰማህ?» አለች ወደ ተኳሹ ዞራ። «የሚበቅል እጥፋት ነው የተሰጠን። ያንተም ሞልቷል ማለት ነው።»

ተኳሹ ካውያቸውን ነቀሉ። አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። «ለሚቀጥለው ጊዜ አብረሽኝ ትሄጃለሽ» አሉ ፔርሙሱን እየከፈቱ። «እጄን የምትይዥልኝ ግን አንቺ ነሽ።»

ሲስተርን ጨምረው ሦስቱም ወጥተው እርከኑ ላይ ተቀመጡ። አክስቴ ለመነሳትም ለመቀመጥም የማንንም ትከሻ አልያዘችም።